በ19 የሚገደፍ፣ በ12 የሚገደፍ

«ኮከባቸው አይገጥምም።»

ይህን የሚሉን ጠላቶቻችን አይደሉም። እናቶች ናቸው፣ አክስቶች ናቸው፣ በዕድሩ የተከበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ፣ የሚካኤልን ዝክር የሚዘክሩ፣ ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን የልጁንና የልጅቷን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር በብጫቂ ወረቀት ይጽፉና ወደ አንድ አዋቂ ይልካሉ። አዋቂውም ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ቅኔ ተምሯል፣ ዜማ ያውቃል፣ ጥምጣም ይጠመጥማል።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። «ክርስትና ኮከብ ቆጠራን ይከለክላል» ብሎ መጨረስ ቀላል ነው። እውነትም ነው። ግን እኛ ቤት ያለውን ነገር አይገልጸውም። ሰማይን መቁጠር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ፀሐይንና ጨረቃን እየቆጠረች ነው የምትጾመው፣ የምታከብረው። ታዲያ ድንበሩ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ አውደ ነገሥት የሚባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የሚሠራውን እንይ። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይያዛል። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ቁጥሩ ይደመርና በ12 ይገደፋል፤ መግደፍ ማለት አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ነው። የተረፈው ኮከቡ ነው። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ከተረፈ ሰውር፣ ሦስት ከሆነ ገውዝ፣ ከዚያ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። እነዚህ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ዐረቦቹ ሐሳቡን ከግሪኮች፣ ግሪኮቹ ደግሞ ከባቢሎን ነው የወሰዱት። እንግዲህ «የአባቶቻችን ጥበብ» እያልን የምንሟገትለት ነገር ነቢዩ ኢሳይያስ «ከዋክብትን የሚመለከቱት ተነሥተው ያድኑሽ እስቲ» ብሎ ከተናገራት ከባቢሎን ተነሥቶ፣ ብዙ አገር ዞሮ የደረሰን ነው።

ኮከቡ ከታወቀ በኋላ ባሕርዩ ይነገራል። እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ ወይም ውሃ። የሚታመምበት ወር፣ የሚስማማው ሥራ፣ የሚያርደው ዶሮ ቀለም፣ የሚይዘው ክታብ ይዘረዘራል። ከማን ጋር እንደሚጋባና ከማን ጋር እንደማይጋባም ይነገራል።

የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እሷ ውሃ ሆነች፣ እሱ እሳት። «ከተጋቡ አንዳቸው አይቆዩም» ተባለ። ሁለቱም ሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ልጆች ነበሩ። ነገሩን እንደማያምኑበት ለቤተሰብ ተናገሩ። ግን «አይቆዩም» የሚለው ቃል አንዴ ከወጣ በኋላ የልጁ እናት እንቅልፍ አጡ። ማን በእናት እንባ ላይ ሠርግ ይደግሳል? ተለያዩ። የአክስቴ ልጅ ያኔ የጠየቀችው ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። «በክርስትና ስሜ ቢቆጠርስ?» አለች። እቤት የምትጠራበት ስም ሌላ፣ የክርስትና ስሟ ሌላ ነው። በወረቀት ይዘን ደመርነው። ሌላ ኮከብ ወጣላት።

እስቲ አስቡት። ያቺው ልጅ ናት። የተወለደችበት ሌሊትም ያው ነው፣ ሰማዩም ያው ነው። ስሟ ሲለወጥ ኮከቧ ተለወጠ። እንዲያውም በዚህ ቆጠራ ውስጥ ማንም ቀና ብሎ ሰማይ አያይም። ኮከብ የሚባለው ከወረቀት ላይ የተረፈ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ነው ሁለት ሰዎችን የለያየው።

የጥንት አባቶች ይህን አይነት ቀዳዳ ቀድመው አይተውታል። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሥነ ፍጥረት ሲሰብክ ኮከብ ቆጣሪዎችን በዝርዝር ሞግቷቸዋል። ልጅ የሚወለድባት ቅጽበት ትክክለኛዋ ሰዓት ናት ትላላችሁ፣ ግን አዋላጇ ሕፃኑን ተቀብላ፣ ወንድ ይሁን ሴት አይታ፣ ወጥታ እስክትነግራችሁ ድረስ ሰማዩ ስንት ጊዜ ተንቀሳቅሷል? በበግ ኮከብ የተወለደ ቸር ይሆናል፣ በግ ጸጉሩን ሳይሰስት ይሰጣልና፤ ይህ ምን አይነት ምክንያት ነው? ደግሞም ሁሉ በኮከብ ከተወሰነ ገበሬ ለምን ይዘራል? ዳኛስ ሌባውን ለምን ይቀጣል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል። ዕጣ ፈንታ ከተጻፈ ፍርድም የለም፣ ምሕረትም የለም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ደግሞ በወጣትነቱ ኮከብ ቆጠራን አጥብቆ ያምን ነበር። ያስተወውን ነገር ራሱ ጽፎታል። ፊርሚኑስ የሚባል ወዳጁ አንድ ታሪክ ነገረው። የፊርሚኑስ አባትና የአባቱ ጓደኛ ሁለቱም ለኮከብ ቆጠራ ነፍሳቸውን የሰጡ ሰዎች ነበሩ። የቤት እንስሳ የሚወልድበትን ሰዓት እንኳ ይመዘግባሉ። የፊርሚኑስ እናትና በጓደኛው ቤት ያለች ባሪያ በአንድ ጊዜ ምጥ ያዛቸው። ከሁለቱም ቤት «ተወለደ!» የሚል መልእክተኛ ተላከ። መልእክተኞቹ መንገድ ላይ፣ ከሁለቱም ቤት በእኩል ርቀት ተገናኙ። ስለዚህ የሁለቱ ሕፃናት ሰማይ አንድ ነው። ፊርሚኑስ በሀብትና በክብር አደገ። ያኛው ልጅ በባርነት ቀረ። አውግስጢኖስ ከዚህ በኋላ ወደ ያዕቆብና ወደ ዔሳው ዞሮ አሰበ። መንታ ናቸው፣ የአንዱ እጅ የሌላውን ተረከዝ ይዞ ነው የወጣው። ሕይወታቸው ግን ለየቅል ነው።

እንግዲህ ሙግቱ አዲስ አይደለም። ክልከላውም አዲስ አይደለም። በዚያው በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሎዶቅያ ጉባኤ በ36ኛው ቀኖናው ካህናት አስማተኛ ወይም ኮከብ ቆጣሪ እንዳይሆኑ፣ ክታብ እንዳይሠሩ፣ ክታብ የሚያስሩትም ከቤተ ክርስቲያን እንዲወጡ ወስኗል። ልብ በሉ፣ ቀኖናው የተጻፈው ለአረማውያን አይደለም። ለካህናት ነው። ችግሩ ያኔም ቤት ውስጥ ስለነበር ነው።

በእኛም አገር ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው) ጥንቆላን በአዋጅ አሳደዱ። ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁም ሰይጣንን መካዱን ጽፎ እንዲሄድ እስከማዘዝ ደርሰዋል። ብዙ ደም ፈስሷል። ጥንቆላው ግን አልጠፋም። በዱላ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይጠፋ ነበር።

ሮምም ከዚህ አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በ1630 ኦራትዮ ሞራንዲ የተባለ የገዳም አበምኔት ጳጳሱ ኡርባን 8ኛ ሊሞቱ ነው ብሎ ከኮከብ ተናገረ። ታሰረ፣ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በዓመቱ ጳጳሱ ኮከብ ቆጠራን የሚያወግዝ ጥብቅ ደብዳቤ አወጡ። ግን እኚሁ ጳጳስ ቀደም ብለው ግርዶሽ ያስፈራቸው ጊዜ ካምፓኔላ የሚባለውን መነኩሴ አስጠርተው የከዋክብትን ክፉ ኃይል የሚመልስ ሥርዓት በዝግ ክፍል አሠርተዋል። ፍርሃት ማዕረግ አይለይም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ሰብአ ሰገልስ?

ይህን ጥያቄ በገና ሰሞን የማይጠይቅ ወጣት የለም። «ኮከብ አይተው አይደል የመጡት?» አዎ። ኮከብ አይተው ነው የመጡት። የአባቶች ትርጓሜ እንዲያውም ታሪኩን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ዘረደሽት የሚባል ጠቢብ ድንግል ሕፃን ታቅፋ በኮከብ ውስጥ አየ፣ ያየውንም ለልጆቹ አቆየላቸው፣ ልጆቹም ኮከቡን እየጠበቁ ኖሩ ይላል። ይህን ታሪክ ስሰማ ደስ ይለኛል። እግዚአብሔር ሰዎቹን ባሉበት ቦታ፣ በሚያውቁት ቋንቋ ጠራቸው ማለት ነው። ዓሣ አጥማጆቹን በዓሣ እንደጠራቸው።

ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ኮከቡ ሰዎቹን ይሁዳ አገር አደረሳቸው። ከዚያ የት ሄዱ? ወደ ቤተ መንግሥት። ንጉሥ ቤተ መንግሥት ነው የሚወለደው ብለው ይሆናል። ሄሮድስ ጋ ገቡ። ቤተ ልሔም መሆኑን የነገራቸው ኮከቡ አይደለም፤ የነቢዩ ሚክያስ መጽሐፍ ነው። ሄሮድስም ጊዜውን ከእነሱ በጥንቃቄ ተረድቶ የቤተ ልሔምን ሕፃናት በዚያው ልክ አስገደለ። ይህን ክፍል ቶሎ የምናልፈው ይመስለኛል። የሰማዩ ምልክት ብቻውን የሄሮድስ ደጃፍ ድረስ አድርሷቸዋል። ወደ ቤተ ልሔም የመራቸው ቃሉ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ያ ኮከብ እንደ ሌሎቹ ኮከብ አልነበረም ይላል። ከዋክብት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፣ ያኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ መራቸው። በቀን አበራ። ኢየሩሳሌም ሲገቡ ተሰወረ፣ ሲወጡ ታየ። ወርዶም ሕፃኑ ያለበትን ስፍራ አመለከተ። ሰማይ ላይ ያለ ኮከብ አንዲት ጎጆ ለይቶ ማሳየት አይችልም ይላል አፈወርቅ። ከእሱ በፊት የአንጾኪያው አግናጥዮስም በዚያ ኮከብ መውጣት አስማት ሁሉ ተሻረ ብሎ ጽፏል። እንግዲህ በአባቶች ዓይን የቤተ ልሔም ኮከብ የኮከብ ቆጠራ ማረጋገጫ አይደለም። ፍጻሜው ነው። ሌሎች ኮከቦች የሕፃኑን ዕድል ይወስናሉ ይባል ነበር። ይኸኛው ለሕፃኑ ሎሌ ሆኖ መጣ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሙሉው መጽሐፍ በግእዝ ብቻ የቆየልን፣ የእኛው አደራ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት የሰማይ ትምህርት ቤቶች አሉ። በአንደኛው የወደቁት መላእክት ያስተምራሉ። ሰዎችን የጦር መሣሪያ መሥራት፣ አስማት፣ ሥር መማስ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ከእነሱ መካከል ኮከብኤልና ባርቅኤል የከዋክብትን ምልክት ያስተምራሉ። ምድር በዚህ ትምህርት ትበላሻለች።

በሌላኛው ክፍል ደግሞ መልአኩ ዑራኤል ሄኖክን ይዞት ይዞራል። ፀሐይ የምትወጣባቸውንና የምትገባባቸውን በሮች ያሳየዋል። ጨረቃ እንዴት እንደምትሞላና እንደምትጎድል፣ ዓመቱ 364 ቀን መሆኑን፣ ወራት እንዴት እንደሚከፈሉ ይነግረዋል። ገጽ በገጽ ቁጥር ነው። ያው ሰማይ ነው፣ ያው መጽሐፍ ነው። አንዱ እውቀት ኃጢአት፣ ሌላው መገለጥ ተባለ።

ልዩነቱን ለማየት ዑራኤል ያልነገረውን ማየት ይበቃል። ዑራኤል ለሄኖክ «አንተ በዚህ ወር ትታመማለህ» አላለውም። ማንን እንደሚያገባ አልነገረውም። ብርሃናቱ ለፈጣሪያቸው እንዴት እንደሚታዘዙ አሳየው። ኦሪት ዘፍጥረትም የሚለው ይህንኑ ነው። ብርሃናት ለምልክት፣ ለዘመናት፣ ለዕለታትና ለዓመታት ተሠሩ። ሠራተኞች ናቸው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ዛሬም ተማሪ አለው። ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የምናሰላበት ትምህርት ነው። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ድሜጥሮስ እንደደረሰው ይነገራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የግብጹ ዲያቆን አቡ ሻኪርም ስለ ዘመን አቆጣጠር የጻፈው መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ሊቃውንቱ ሲማሩበት ኖረዋል። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ከማወራ አንድ ዓመት ላስላላችሁ። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ።

ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመር 2018፣ 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። አንድ ይቀነስለታል፤ 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ የሚባለው ዕለት መስከረም ላይ ይውላል፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ። ስለዚህ መስከረም 18። ዕለቱ እሑድ ነው። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ፣ ማለትም የሚደመርለት ቁጥር አለው፤ የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2። 18 ሲደመር 7፣ 25። መጥቅዕ መስከረም ላይ ከዋለና ድምሩ ከ30 ካልበለጠ ወሩ ጥር ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። ዐቢይ ጾም፣ ሆሣዕና፣ ትንሣኤ፣ ርክበ ካህናት፣ ጰራቅሊጦስ ሁሉም ከዚህች ቀን ተነሥተው ይገኛሉ።

አያችሁት? መደመር ነው፣ መግደፍ ነው፣ የተረፈውን መያዝ ነው። ከአውደ ነገሥት ጋር በእጅ አሠራር አይለያዩም። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ ጠዋት ማኅሌት ቆሞ፣ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ወረፋ ይዘው የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። ሰው ሁለቱን ቢያምታታ አልፈርድበትም።

ግን በባሕረ ሐሳብ የወጣው ቀን የማን ነው? የሁላችን ነው። አክሱም ላለው፣ ሐረር ላለው፣ ዋሽንግተን ላለው፣ ኢየሩሳሌም ዴር ሡልጣን ላሉት መነኮሳት እኩል ጥር 25 ነው። ማንም ብቻውን አይጾመውም። በ12 የተገደፈው ግን የአንድ ሰው ነው። ለብቻው ይነገረዋል፣ በምስጢር። ከዚያ በኋላ ሚስቱን በጥርጣሬ ያያል፣ ጎረቤቱን ይፈራል። ከሰው ይለየዋል።

ደግሞም ባሕረ ሐሳብ መጀመሪያ ፈልጎ የሚያገኘው ጾም የቱ ነው? ነነዌ። ከተማዋ ትጠፋለች ተብሎ የተነገረባት ናት። የተናገረውም ጠንቋይ አይደለም፣ እውነተኛ ነቢይ ነው። ቀንም ተቆርጦላት ነበር። ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ከብቱም ሰውም ጾመ። እግዚአብሔርም ተወው። ዮናስ እስኪቆጣ ድረስ ተወው። ያ ሁሉ የጨረቃ ቆጠራ፣ ያ ሁሉ በ19 መግደፍ የሚያደርሰን ወደዚህ ታሪክ ነው። የተነገረ ጥፋት በንስሐ ወደተሻረባት ከተማ።

ይህን ሳስብ ነው አውደ ነገሥት የሚያንገበግበኝ። ትንቢቱ ስለሚሳሳት ብቻ አይደለም። ቢሳካም ያው ነው። «ኮከብህ ነው» የተባለ ሰው ለምን ይጸጸታል? በንዴት ሚስቱን የሚመታ ሰው አቅራብ ነኝ ብሎ ያመካኛል። ሥራ የማይበረክትለት ኮከቤ ነፋስ ነው ይላል። ንስሐ አባቱ ጋ መሄድ ያለበት ሰው የዶሮ ቀለም ይፈልጋል።

የሚሄዱትን ሰዎች ግን መናቅ አልችልም። ማን ነው የሚሄደው? ልጇ የታመመባትና ሐኪም መልስ ያላገኘላት እናት። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ፣ እጮኛዋ ስልክ ማንሣት ያቆመባት ልጅ። ዛሬ እንኳን ደጃፍ ድረስ መሄድ አያስፈልጋትም። ቴሌግራም ስትከፍት «መሪጌታ ነኝ፣ ኮከብ እቆጥራለሁ፣ የራቀውን አቀርባለሁ» የሚል ማስታወቂያ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ስሟንና የእናቷን ስም ትጠየቃለች። ቀጥሎ ብር። ለወራት የለፋችበትን ደመወዝ። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች የሊቃውንትን ስም ለብሰው ሊቃውንቱን ያሰድባሉ። እውነተኛው መሪጌታ በአንድ ጥቁር ጋቢ ክረምቱን አሳልፎ የተማረ ሰው ነው።

ያቺ ልጅ የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው። የሚሰማት ሰው፣ ነገ ምን እንደሚሆን የሚነግራት ሰው። ሁለተኛውን ቤተ ክርስቲያን አትሰጣትም፣ ልትሰጣትም አይገባም። የመጀመሪያውን ግን መስጠት ነበረብን። ንስሐ አባቷ ስልክ ያነሣሉ? ከደወለች የሚያወራት አለ? ኮከብ ቆጣሪው ሌሊትም ያነሣላታል። እዚህ ላይ ስብከት ብቻ አይሠራም። ዱላማ እንዳልሠራ አይተናል።

አንድ ነገር ግን ማድረግ እንችላለን ብዬ አምናለሁ። ባሕረ ሐሳብን ለወጣቱ በደንብ እናስተምር። በአብዛኛው ሰንበት ትምህርት ቤት «ከባድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከባድ አይደለም፤ ከላይ እንዳያችሁት ማባዛትና ማካፈል ነው። በ19 መግደፍን በእጁ የሠራ ልጅ በ12 የሚገደፈውን ሲያይ አይደነግጥም። የቁጥሩ ምስጢር ይገለጥለታልና። ቁጥር አፍ አውጥቶ እንደማይናገር፣ የሚያናግረው ሰው መሆኑን ያውቃል።

ለ2019 ዓ.ም. እናንተ ሞክሩት። ከ7519 ጀምሩ። ዘመነ ሉቃስ ይሆናል። መጥቅዑ 7 ይወጣል፤ ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት 7 ላይ ይውላል፣ ዕለቱም ቅዳሜ ነው። መጥቅዕ ጥቅምት ላይ ሲውል ነነዌ የካቲት ላይ ነው። ተውሳኩን ደምሩ። 15 ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።